ሳይነገር የታወቀ መርዶ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቄስ አካለ ወልድ

ሰላምታ ልጽፍ ብዕር ካነሣሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ሰላምታው እንዳለ ቆጥረው ይለፉኝ።

በላኩልኝ ብጣሽ ወረቀት ልጆቹ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መምህራቸውን ዓለምነውን ጠብቀው መበተናቸውን ነግረው፣ ምን እንዳገኘው ጠይቀውኛል። ዓለምነው ሞቷል። ከዚህ በታች ያረጋገጥሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አንደኛ፤ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት እኔ ዘንድ አምጥቶ አብረን አርመን ጨረስን። ዓርብ ግንቦት 15 ጠዋት ከማርቆስ ተነሣ።

ሁለተኛ፤ ቢቸናን እንዳለፉ መኪናው ከዚህ በላይ አልሄድም ስላለ ወርደው በእግር ቀጠሉ። ደብረ ወርቅ ሊደርሱ ሲሉ ተኩስ መካከል ገቡ። ጥይቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛ፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያው ባለች የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። የደብሩ ካህናት ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰውለታል።

አራተኛ፤ ይህን የነገረኝ አብሮት ይጓዝ የነበረው የጨው ነጋዴው ፈንታ ነው። ቦርሳውንም ያመጣልኝ እሱ ነው። አርባ አንዱም ወረቀት አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። ስልኩ እስኪከፈት ድረስ ደብዳቤያችንን በበቅሎው የሚያመላልሰው እሱ ይሆናል።

እናቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። የንስሐ አባታቸው እርስዎ ነዎትና ይህን ለእርስዎ አልነግርም። መርዶ በዘመድ አፍ መነገር አለበት። ወንድማቸው ዘመነ የሚኖረው ይጁቤ ነው፤ ዛሬ ሰው ልኬበታለሁ። እሱ ሲደርስ ከሽማግሎቹ ጋር ሆናችሁ ጎህ ሳይቀድ በራቸውን ምቱ። እስከዚያ ከአፍዎ አይውጣ።

ስለ ጉዞው ለጠየቁኝ፤ ዓርብ መሄድን የመረጠው ለልጆቹ ቅዳሜ ቀን ስለ ሰጣቸው ነው።

አስማማው


ኪዳነ ምሕረት ደብር፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ አስማማው

እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሰነበትሁም። በሒሳብ ሠላሳ ስምንት ሰጥተው ወደ ቤተ ክህነት የሸኙኝ ሰው ሞትንም አንደኛ፣ ሁለተኛ ብለው ይጽፉታል። አልተቀየምሁም። ቁጥሩ ባይኖር ደብዳቤውን አንብቤ አልጨርሰውም ነበር።

ፈንታን ለማንም እንዳይናገር ገዝቼዋለሁ። «አባ፣ ግዝቱ ባይኖርስ የትኛው አንደበቴ ይናገረዋል» አለኝ። ለሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነግሬአለሁ። እነሱም ዘመነ ይምጣ ባዮች ናቸው። ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው። ጌታ ተነሣ እያልን በምንዘምርበት ሰሞን ልቅሶ መቀስቀስ ከብዶኛል፤ ጰራቅሊጦስ እስኪያልፍ ልታገሥ።

እመት ያለምወርቅ ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ በደጀ ሰላሙ ያዙኝ።

«አባ፣ ልጄ ምን ሆኖ ቀረ?»

«ማርቆስ ሥራ ይዞት ነው።»

«ሥራ! ያ መምህሩ አስቀምጦ ያስደምረዋላ። ያ ሰውዬ እኮ ገነት በር ላይ ቢደርስ ለጴጥሮስም ‘እስቲ ስሌቱን አሳየኝ’ ማለቱ አይቀርም።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መምህር፣ በክህነቴ ብዙ ኃጢአት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ሳቅ የከበደኝ የለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዓለምነው ከዚህ ሲነሣ «መንገዱ ካልተመቸኝ እስከ ሰኞ ማርቆስ እቆያለሁ» ብሎኝ ነበር። ለእናቱም እንደዚሁ ብሏቸው ነበር። ታዲያ ዓርብ ምን አስቸኮለው? ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዳላጣ ይጻፉልኝ።

የሚያስቸግር ደብዳቤ ጽፌ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ቄስ አካለ ወልድ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቄስ አካለ ወልድ

እንደምን ከረሙ? ሽማግሎቹን በስሜ ሰላም ይበሉልኝ።

ዘመነ መልእክቱ ደርሶት ከይጁቤ ተነሥቶ ነበር፤ ከግማሽ መንገድ መልሰውታል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይሞክራል። ባይሳካለትስ ብለው አስበዋል? እኔ አስቤአለሁ። ግንቦት 15ን ቀን አንድ ብለው ቢቆጥሩ አርባው ሰኔ 24 ላይ ይውላል። እናት ልጇ መሞቱን ሳታውቅ አርባው ቢያልፍ፣ ያን ቀን በስሙ ጧፍ አብርታ ሳትቆም ብትቀር፣ ያን ቀን ማን ይመልስላታል? ዘመነ ቢመጣም ባይመጣም ከሰኔ 10 እንዳያሳልፉ እለምንዎታለሁ።

ከደብዳቤው ጋር በሌላ ወረቀት ለጠየቁኝ ጉዳይ መልሴ አይሆንም ነው። በዓለምነው ስም «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል መስመር አልጽፍም። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ቤቴ አስገብቼው አራት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠናል። ለዚህ ስል ነው የማልጽፈው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ ለገለበጠ ልጅ ዜሮ ሰጥቻለሁ። ከሞተ ሰው መገልበጥ ከዚያ አያንስም።

ስለ ዓርቡ ጠይቀውኛል። ለልጆቹ ቀን ስለ ሰጣቸው ነው ብያለሁ። ከዚያ በላይ አሁን የምለው የለኝም።

የወረቀቶቹን ድምር እንደገና አይቼዋለሁ። ከአንዱ በቀር ትክክል ናቸው።

አስማማው


ኪዳነ ምሕረት ደብር፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ይቅርታዬን ከሰላምታው ጋር አብረው ይቀበሉ፤ ከሰኔ 10 አታሳልፍ ያሉኝን ላሳልፍ ነው። ዘመነ አልደረሰም። ትናንት ቁርጥ አድርጌ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ያን ያስቀረኝን ልጻፍልዎ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እመት ያለምወርቅ አዲስ ጋቢ አጥፈው ታቅፈው መጡ። በጋውን ሙሉ የፈተሉት ነው፤ ሸማኔው ባለፈው ሳምንት አውርዶታል።

«አባ፣ ይህን ለዓለምነው ይላኩልኝ። ማርቆስ ብርድ ነው።»

ተቀበልኋቸው። «ፈንታ ነገ ይሄዳል፤ እልክለታለሁ» አልሁ።

«ደህና ነው ብለውኛል አይደል?»

«ደህና ነው።»

«ደስ ይለዋል ይላሉ?»

«እንዴት ደስ አይለው! የእናት እጅ ነው።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ መስቀል ሳይሳለሙ ሄዱ። ረስተው ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

ጋቢውን ከደብዳቤው ጋር ልኬአለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ቤቴ ባስቀምጠው አንድ ቀን መጥተው ያዩታል። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። መምህር፣ እኔ እንግዲህ በአንድ ውሸት ላይ ሌላ እየደረብሁ ነው። ሲደረብ እንደሚሞቅ መስሎኝ ነበር።

ቄስ አካለ ወልድ


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቄስ አካለ ወልድ

ጋቢው ደርሶኛል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ሁለት ቀን ዞርሁት። ዛሬ የቆየብኝን ዕዳ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ንስሐ ቆጥረው አይሸፍኑብኝ። መርዶውን በሚነግሩበት ሰዓት ለወይዘሮ ያለምወርቅ ያንብቡላቸው። ሞቱን ነግረው ይህን ካስቀሩ ግማሽ መርዶ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አርባ አንደኛውን ወረቀት አርመን ጨረስን። ዓለምነው በመስኮቱ መንገዱን ሲያይ ቆየና፣

«መምህር፣ መንገዱ ደስ አይልም እያሉ ነው። ሰኞ ልሂድ መሰለኝ» አለኝ።

«ለልጆቹ መቼ ብለሃል?»

«ቅዳሜ፤ ከኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ በኋላ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ነው።»

«ብቀር ይገባቸዋል እኮ። ጊዜውን እነሱም ያውቁታል።»

«የሚገባቸውማ የመምህራቸው ቃል እንደሚታጠፍ ነው። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት ያልታጠፈባቸው ቃል የትኛው ነው? አንተም ልትጨምርባቸው ነው?»

ሳቀ። «ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ያገኘሁ ጊዜም ግማሿን ነፍገውኛል» አለ። ጠዋት ዳቦ ቋጠርሁለት። በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ። አንድ ቃል ተናግሬ፣ «ሰኞም ይደርሳል» ብዬው ቢሆን ኖሮ ቦርሳውን ያወርደው ነበር። ጠብቆኛል። አልተናገርሁም።

ቃል ማክበር ጥሩ ነገር ነው፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ነገር ግን የሰጠሁት የራሴን ቃል አልነበረም። የሄድሁትም እኔ አይደለሁም። በሌላ ሰው እግር ቃል አከበርሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መልካም ጠባይ አስተማርሁ፤ ራሴን የፈተንሁት ግን ሌላው በሚከፍልበት ነው። በሒሳብ ይህን የሠራ ተማሪ ዘዴው ትክክል፣ መልሱ ስሕተት ይባላል። እዚህ ዘዴውም ስሕተት ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ዓርብ መሄድን የመረጠው» ብያለሁ። «የመረጠው» የሚለውን ይሰርዙት። የመረጥሁለት እኔ ነኝ።

አስማማው


ኪዳነ ምሕረት ደብር፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ

ሰላምታ የለኝም። እርስዎ ግንቦት ላይ እንዳደረጉት እንዳለ ቆጥረው ይለፉኝ።

እመት ያለምወርቅ ያውቁ ነበር፤ ትናንት ራሳቸው ነገሩኝ። ሰኔ 7 ቅዳሜ ደብረ ወርቅ ገበያ ባቄላ ሊሸጡ ወጥተው ሳለ አንዲት የማያውቋት ሴት ቀረበቻቸው። ከዚያች ከገብርኤል አጥቢያ የመጣች ናት። ሰው «የዓለምነው እናት» ብሎ ሲጠራቸው ሰምታ፣ «የመምህር ዓለምነው እናት አንቺ ነሽ? እግዜር ያጥናሽ። በነጠላዬ የጠቀለልሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ክፋት የለባትም፤ መርዶው የተነገራቸው መስሏት ነው። እኛ ግዝት የጣልነው በፈንታ አፍ ላይ ብቻ ነበር።

ገበያው ቅዳሜ ነበር። ጋቢውን ይዘው የመጡት በማግሥቱ ነው። ይህን ሲያነቡ የተሰማዎት እኔም ትናንት ተሰምቶኛል።

ትናንት በኪዳነ ምሕረት በዓል ቀርበው ጠየቁኝ።

«አባ፣ ጋቢው ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ለበሰው?»

መስቀሌን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው አዛወርሁ።

«ስምንት ቀን ጠበቅሁዎት። ጋቢውን ስሰጥዎ ያን ጊዜውኑ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እግዜርን በእርስዎ አፍ ሳናግር ኖሬ ለካ...» አሉና አልጨረሱትም። ሌላ የንስሐ አባት እንደሚይዙ ነግረውኝ ተነሡ።

ደብዳቤዎ ያን ጠዋት ደርሶ ኪሴ ውስጥ ነበር። ላንብብልዎት አልኋቸው። «ማንበብ አውቃለሁ» ብለው ከእጄ ተቀበሉ። የላኩልዎት ደብዳቤ ከዚህ ጋር ታሽጓል። አልከፈትሁትም።

አካለ ወልድ


ሰኔ 17

መምህር አስማማው

ደብዳቤዎን ራሴ አነበብሁት። አምና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዓለምነው ሥራ ፈትቶ «እንግዲህ ተማሪዬ አንቺ ነሽ» ብሎ አስተማረኝ። ሰው ስጽፍለት የመጀመሪያዬ ነው።

እርስዎ ባይሉትም ልጄ ቅዳሜን አያሳልፍም ነበር ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ይህ እርስዎንም እኔንም ያሳርፍ ነበር። ግን አላውቀውም። የማላውቀውን አልጽፍም።

ሰው ልጁ ሲሞትበት ጎህ ሳይቀድ በሩ ይመታል። ዘመድ ክንዱን ይይዘዋል። እኔን የያዘኝ የለም። ባቄላዬ ፊት ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ስንት ነው የሚል መጣ። ሸጥሁለት። ምን ላደርግ ነበር? ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሁሉ ሰላም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ አላለቀስሁም። ሳይነግሩኝ ብጮህ ምን ይባላል? ጎረቤቶቼ ሁለት ሦስቱ ያውቃሉ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም እንደማላውቅ እሆንላቸዋለሁ። ሁላችንም ተደባብቀን ወጥ እንሠራለን።

ያወቅሁት እንጂ የተነገርሁት አይደለም። አባ ያልነገሩኝ ለእኔ አዝነው ነው ይሉኛል። ያስጨነቃቸው የእኔ ልቅሶ ሳይሆን ልቅሶዬን ማየቱ ነበር። እርስዎም ደብዳቤውን ሌላ ሰው ያንብብልኝ ብለው ነው የጻፉት።

አርባው ሰኔ 24 ነው። ከዚያ ሳያልፍ መጥተው መርዶዬን ይንገሩኝ። እንደ ወጉ በሩን ይምቱ። የዓርቡንም በራስዎ አፍ ይንገሩኝ። የልጆቹን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ጋቢውንም። አባን ይዘው እንዳይመጡ።

ያለምወርቅ


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቄስ አካለ ወልድ

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግሬ እስኪሻለኝ ብዬ ዘግይቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈንታ በበቅሎው ባይጭነኝ ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ ሰኔ 23 ማታ እናንተ ዘንድ አልደርስም ነበር።

በተዝካሩ ዕለት ከዳስ ውጭ ቆመው በዓይንዎ የጠየቁኝን አሁን በደብዳቤ ጠየቁኝ። እመልሳለሁ።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ጎህ ሳይቀድ ሄድን። በሩን መታሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«አስማማው ነኝ፤ የዓለምነው መምህር።»

«በዚህ ሰዓት? ምነው፣ በደህና ነው?»

እያወቁ ጠየቁኝ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት በቁጥር የተከፋፈለ ንግግር ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«በደህና አይደለም፣ እመት» አልሁ። «ዓለምነው ሞቷል። ሰኞ ልሂድ ሲል ዓርብ ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሊያቋርጠኝ ክንዴን ጎተተኝ። ጨረስሁት። በሩ ተከፈተ። የለበሱት የሐዘን ልብስ ነበር፤ አስቀድመው አዘጋጅተውታል። አሥራ ሰባት ቀን የያዙትን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኹት። ከመውደቃቸው በፊት የያዝኋቸው እኔ ነኝ፤ ዘመነ አልደረሰም፣ ሌላ ዘመድም አልነበረማ። ያን ያህል ክብደት እንዳላቸው አላሰብሁም ነበር። ከዚያ መንደሩ ደረሰ፤ መርዶውና ተዝካሩ በአንድ ቀን ዋለ። ሌላውን እርስዎ ከውጭ ሰምተዋል።

ከተዝካሩ በኋላ ወረቀቶቹን ለልጆቹ አደልሁ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ስም ሲጠራ ይሰሙ ነበር። አርባዎቹን ጠርቼ ጨረስሁ። አርባ አንደኛው ላይ ስሙ ያለበት ጥግ ደም ነክቶት አይነበብም። ከልጆቹ ሳትጠራ የቀረችው ሂዊ ብቻ ስለሆነች የእሷ ነው አልሁ። ድምሩ የተሳሳተውም ያው ወረቀት ነው፤ ዓለምነው ሰማንያ ሁለት ያለው ሰማንያ አራት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ልጅቱ ቁጥሩን ሳታይ ጥጉን በአውራ ጣቷ ሸፍና ቆመች። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለ ራስዎ ለጠየቁኝ፤ ከእኔ ጋር ስለ እርስዎ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም አላነሣሁም። «ሊያማልዱኝ ይችሉ ነበር» ብለው ቢያስቡ አልፈርድብዎትም። ነገር ግን አማላጅ ራሱ ያልታረቀ መሆን የለበትም።

ስለ ጋቢው ደግሞ እንዲህ ሆነ። ልሰናበት ስል ከፊታቸው አኖርሁት። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለችግረኛ ይሰጡታል ብዬ ነበር። መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይውሰዱት» አሉኝ። «ቤትዎ ይቀመጥ። ነገር ግን አይልበሱት።»

«እስከ መቼ?» አልሁ።

«ይልበሱት ብዬ የላክሁ ቀን ይልበሱት። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ይምጣ አይምጣም አላውቅም። የማላውቀውን አልልም ብዬዎታለሁ።»

በመጨረሻ ከእሳቸው መልእክት መጣ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ፈንታ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የእርስዎን ደብዳቤ አምጥቶልኛል፤ ጨውም ሸጦልኛል። ከወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ግን የመጣ ነገር የለም።

እዚህ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ አላባራም። ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል፤ ጋቢውን ከዚያ አርቄ ዓለምነው ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አድርጌዋለሁ። ይህን የምጽፍልዎ በድሮው ካፖርቴ ሆኜ ነው። ጣቶቼ በብርድ ስለ ደነዘዙ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይታገሡኝ።

ጋቢው እንደታጠፈ ነው።

አስማማው